በዓመት አንድ ቀን ሕጋዊ

የጥምቀት ሰሞን ነው። ጎንደር፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ገና ፀሐይ ሳይሞቅ ስምንት ሰው ተሰልፏል። እናቴ፣ ባለቤቴ፣ ከአዲስ አበባ ለበዓሉ የመጡት እህቴና ባሏ፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ እኔ። መንገዳችን ወደ ሰሜን ተራሮች ነው፤ ጨነቅ ድረስ። እናቴ የጃናሞራ ልጅ ናት። በሙሽርነቷ በበቅሎ የወጣችበትን አገር ከሃምሳ ዓመት በኋላ ከሩቅም ቢሆን ልየው ብላለች።

መኪናው የሚጭነው ከሹፌሩ ጋር ስምንት ሰው ነው። ሊብሬው እንደዚያ ይላል። ለዚህች ስምንት ቁጥር ስል የደረሰብኝን ጣጣ ካልነገርኳችሁ ግን ደባርቅ ላይ ለምን እንደተጣላን አይገባችሁም።

መኪናው ሃርድቶፕ የምንለው ረጅሙ አሮጌ ላንድክሩዘር ነው። የገዛሁት ከታላቅ ወንድሜ ሲሆን፣ እሱ በደጋው ገበያ እህልም ሰውም ይጭንበት ነበር። ጭነት እንዲችል ባሌስትራው ላይ ተጨማሪ ቅጠል አስገብቶ ከፍ አድርጎታል። ከፓራፋንጎው ወጣ ያለ ትልልቅ ጎማ አስሮለታል። ፖርቶመጋላው ላይ አራት ፓውዛ፣ ከኋላ ደግሞ አራት ተጨማሪ መቀመጫ ገጥሞለታል። ሲሄድ ግመል ይመስላል። ልጆች ይወዱታል። እኔም ብሆን ፒያሳ ላይ ሰው ዞር ብሎ ሲያየኝ አልጠላሁትም፤ መዋሸት አያስፈልግም።

ቦሎ ሲደርስ ነበር ጭንቁ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚለውን ባላነብም፣ መኪና በየዓመቱ መመርመር እንዳለበት፣ የተቀየረ ነገር ካለም መታወቅ እንዳለበት ማንም ባለመኪና ያውቃል። እኔ መፍትሔዬ ቀላል ነበር። ተመሳሳይ መኪና ያለው ወዳጅ አለኝ፤ የእሱ ጎማ ከፋብሪካ በወጣበት ልክ ነው። በምርመራው ዋዜማ ማታ ጎማ እንለዋወጣለን። ፓውዛውን እፈታለሁ፣ አራቱን መቀመጫ አውርጄ ጎተራ አጠገብ እደረድራለሁ። በነጋታው አልፋለሁ፤ በማግስቱ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህን የማደርገው እኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ሰሞን ስኮርታ ጎማውም፣ ክሪኩም፣ እሳት ማጥፊያውም ከመኪና መኪና ሲዞር ይከርማል። «መኪናህ ቤትህ ተኝቶ ቦሎው ይምጣልህ» የሚል ደላላም አይጠፋም። እኔ እንደዚያ ስላላደረግሁ ራሴን ከጨዋዎቹ እቆጥር ነበር። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን። መኪናችን በዓመት አንድ ቀን ሕጋዊ ነው።

አንድ ቀን ባለቤቴን ይዤ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ስወርድ ነው ነገሩ የመጣው። ሊማሊሞን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ የሠራው ጠመዝማዛ መንገድ ነው፤ በአንድ በኩል አለት፣ በሌላው በኩል አየር። አንዱ ኩርባ ላይ የኋላ ጎማ ጉድጓድ ገባ። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ፍሬኑን ስረግጠው እግሬ ወደታች ሰመጠ። ጨርሶ አልጠፋም፤ የፊቱ ትንሽ ይይዝ ነበር። በከባድ ማርሽና በእጅ ፍሬን እየታገልኩ ወደ አለቱ አስጠግቼ አቆምኩት። ባለቤቴ ደባርቅ ተመልሰን ሻይ እስኪቀርብልን ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ከዚያ፣ «የእህትህን ልጆች የምትጭናቸው በዚህ ነው?» አለችኝ።

ጎንደር ጋራዥ ስደርስ መካኒኩ ከሥር ተኝቶ ገብቶ ነገሩን አሳየኝ። ከሻንሲው ወደ ኋላው አክስል የሚወርድ የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት የጎማ ቱቦ አለ። ወንድሜ መኪናውን ከፍ ሲያደርገው በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ጨመረ፤ ቱቦው ግን ያው የድሮው ነው። ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ይወጠራል፣ ይወጠራል፣ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። «ከፍ ያደረገው ሰው ሥራውን ግማሽ ነው የሠራው» አለኝ። ትልልቆቹን ጎማዎችም አልማራቸውም። ዙሪያው በ10 በመቶ ከጨመረ፣ ሰዓቱ 60 ሲል መኪናው 66 ይሄዳል። ከፍታው ላይ ሸክም ሲታከልበት ደግሞ በኩርባ ወደ ጎን መውደቅ ይቀለዋል። (ባሌስትራ፣ ፓራፋንጎ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፤ የጋራዥ ቋንቋችን ከጣሊያን ነው። መንገዱንም ቃሉንም ትተውልን ሄዱ።)

ምርጫው ሁለት ነበር። ወይ ከፍታውን በሙሉ ዕቃው በደንብ አሠርቶ፣ አስመርምሮ፣ ማስመዝገብ፤ ወይ ወደ ቀድሞው መመለስ። እኔ መለስኩት። ሌላ መኪና መግዛቱማ አይታሰብም፤ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ 1186/2012 ከወጣ ወዲህ ያገለገለ መኪና ማስገባት እንዴት እንደተወደደ ታውቃላችሁ፤ አሮጌው እንደ ሽማግሌ ተከብሮ ይኖራል። የተጨመረው ቅጠል ወጣ፣ ቱቦዎቹ ተቀየሩ፣ በልኩ የሆነ ጎማ ተገዛ። አራቱ መቀመጫዎች ለጎረቤት ጠላ ቤት ተሰጡ።

ደረቴን ነፍቼ ወደ ምርመራ ሄድኩ። ወደቅሁ! ወንድሜ መኪናውን ከፍ ሲያደርግ የፊት መብራቱን ወደታች አስደፍቶት ኖሯል፤ አሁን መኪናው ዝቅ ሲል መብራቱ ከአፍንጫው ሥር መሬት ያበራል። የመቀመጫዎቹ ብየዳ ላሜራም ወለሉ ላይ ቀርቷል። መርማሪው ወጣት ነው። ሊብሬውን ገለጥ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ስምንት ነው የሚለው። ይሄ ብረት የማን መቀመጫ ነው?» አለኝ። ሦስት ዓመት ሳጭበረብር ያለፍኩ ሰው ሐቀኛ በሆንኩበት ቀን መውደቄ አንገበገበኝ። ላሜራው ተቆርጦ፣ መብራቱ ተስተካክሎ በሳምንቱ አለፍኩ። ቦሎውን ከሦስተኛ ወገን መድኑ ጎን ስለጥፈው ልጅ የዳርኩ ያህል ተሰማኝ።

እንግዲህ ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። ያልጠበቅሁት ነገር እናቴ ላይ ታየ። ድሮ ይህን መኪና የምትሳፈረው ዱካ ተቀምጦላት፣ እኔ ከታች እየደገፍኳት፣ ሌላ ሰው ከላይ እየሳባት ነበር፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ «እኔ ቤት እጠብቃለሁ» ትላለች። ያን ቀን ነጠላዋን ሰብስባ፣ እጀታውን ይዛ፣ አንድ ጊዜ ረግጣ ወጣች። ዱካውን ይዤ የቆምኩት እኔ አፈርኩ።

ከከተማው መውጫ ላይ ትራፊክ አስቆመን፤ ቦሎውን አየ፣ በመስኮት ቆጠረ፣ ስምንት። ሂዱ አለን። ወለቃን አልፈን ኮሶዬ ላይ ወርደን ቆላውን አየን፤ ልጆቹ በጣታቸው ገደሉን ለኩ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ብርዱ ጀመረን፣ ዳባት ላይ ቡና ጠጣን። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ደባርቅ ገባን።

የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። ሰሜን ተራሮች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ፣ እ.ኤ.አ. የ1978ቱ መዝገብ ውስጥ ነው፤ ጎብኚ የሚገባውም ከታጠቀ ስካውት ጋር ነው። ክፍያ ከፍለን ስንወጣ ጠመንጃውን ያነገበ፣ ጋቢ የደረበ ሰውዬ መኪናው አጠገብ ቆሞ ይጠብቀናል።

ዘጠኝ ሆንን። ይህን እንዴት ረሳሁት?

የእህቴ ባል ሳቀ። «ትንሹን እናቅፈዋለን፤ ልጅ ሰው ነው እንዴ?» እናቴም፣ «እኔ ጭኔ ላይ አደርገዋለሁ፣ ክብደቱ ምን አላት» አለች። ስካውቱ ራሱ፣ «እናቴ፣ እኔ ከኋላ ዕቃው ላይ እቀመጣለሁ፤ ለምጄዋለሁ» አላት። ሁሉም ቅን ነው፤ ሁሉም የሚያደርገው ነው። ባለቤቴ ግን እኔን ታየኛለች። ከዚህ በኋላ አስፋልት የለም፤ ወደ 55 ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ ነው። የታቀፈ ልጅ ድንገት ሲቆም የሚይዘው የአያቱ ክንድ ብቻ ነው፤ የእናቴ ክንድ ደግሞ ሰባ ዓመት አልፎታል።

«አንድ ሰው ይቀራል» አልኩ። ድምፄ ከምፈልገው በላይ ጠነከረ። እህቴ ተቆጣች፤ ከአዲስ አበባ ድረስ አምጥተኸን ነው? እናቴ እኔ ልቅር ስትል ልጆቹ አለቀሱ። በመጨረሻ ባልየው ጃኬቱን አነሳና፣ «በቃ፣ ማታ ኳስ አለ» ብሎ ወደ ሆቴሉ ገባ። እስከ ሳንቃበር መኪናው ውስጥ ያወራ ሰው የለም።

ዝምታውን የሰበሩት ጭላዳዎቹ ናቸው። መንገዱ ዳር ቁጭ ብለው ሣር እየነቀሉ እንኳን ሊሸሹ ቀና ብለውም አላዩንም። ወደ 3,600 ሜትር ስንጠጋ አየሩ በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነውና ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፤ መኪናው ጥቁር ጭስ እየተፋ በአንደኛ ማርሽ ያቃስታል። ልጆቹም ሞተሩም ባንድ ላይ አለከለኩ። ቀሪው ሰው ለሞተሩም ሳይጠቅመው አልቀረም።

ጨነቅ ላይ እናቴ ያለማንም እርዳታ ወረደች። በጅብራዎቹ መሐል ትንሽ ራመድ ብላ ቆመችና ወደ ቧሒት አሳየቻቸው። «በዚያ ወገብ ላይ ነው የመጣሁት። በቅሎዋ ልሙጥ ድንጋይ ላይ ስትደርስ ወርደሽ በእግርሽ ሂጂ አሉኝ፤ ሙሽራ አትወርድም ብዬ እምቢ አልኩ።» ትልቋ የእህቴ ልጅ፣ «ከዚያስ?» አለቻት። «ከዚያማ አባቴ መጣና አወረደኝ።»

ጀንበር ስትዘቀዝቅ ደባርቅ ደረስን። ስካውቱ እናቴን እጅ ነስቶ ወረደ። የእህቴ ባል ከሆቴሉ በር ላይ ጃኬቱን ለብሶ ቆሞ ነበር፤ ቡድኑ ተሸንፏል። ስካውቱ በለቀቀው ቦታ ተቀመጠና ቀበቶውን እየፈለገ፣ «ስንት ነን አሁን?» አለኝ።

«ስምንት» አለ ትንሹ ከኋላ።