ነገሥታት ያለፉባት፥ በዓል የጸናባት ደብረ ታቦር

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታ በኩል ወደ ላሊበላና ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ፥ ልቡ ወደ ፊት ከሚጠብቁት ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ቀድሞት ስለሚደርስ፥ ከጣና በስተ ምሥራቅ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በጉና ተራራ አቅራቢያ የተቀመጠችውን ደብረ ታቦርን ብዙ ጊዜ በመኪና መስኮት ብቻ አይቷት ያልፋል። ጎንደር ግንቦቿ፥ ባሕር ዳር ሐይቋ፥ ላሊበላም የዓለም ሕዝብ የሚሳለመው ቅርሱ አላቸውና፥ በእነዚህ በሦስቱ መካከል ያለች ከተማ ቆም ብሎ የሚጠይቃት ብታጣ አያስደንቅም። እኔ ግን ደብረ ታቦርን የምወዳት፥ ስለ ሥልጣን ማጠርና ስለ በዓል ጽናት የምታስተምረው ትምህርት ከብዙ መጻሕፍት የበለጠ ሆኖ ስላገኘሁት ነው፤ ስለዚህም ለወዳጆቼ ጥቂት ላጫውታችሁ እወዳለሁ።

ይህች ከተማ በዘመነ መሳፍንት የየጁው ራስ ጉግሣ የቆረቆሯት መናገሻ ነበረች። የልጅ ልጃቸውን ራስ ዓሊን የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ በ1834 ዓ.ም. በከተማይቱ አጠገብ በጦርነት ድል አደረጓቸው፤ ነገር ግን ውቤ በድሉ ደስታ ላይ ሳሉ ድንገት ተይዘው፥ ድል አድራጊው ምርኮኛ፥ የተሸነፈውም ባለ ሥልጣን ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫቸው አደረጓት፤ በአቅራቢያዋ በምትገኘው በጋፋትም አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አኑረው፥ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሩ። በ1860 ዓ.ም. መባቻ ግን ከተማይቱን አቃጥለው፥ መድፉን በተራራና በገደል በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሄዱ፤ ዳግመኛም አልተመለሱም። ዐፄ ዮሐንስም ከርመውባት አልፈዋል፤ ከዚህችው ከተማ ሆነው በጌምድርን ይገዙ የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌም በ1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ወድቀዋል። እንግዲህ በዚያች ኮረብታ ላይ የተተከለው ዙፋን ሁሉ በየተራው ሲነቀል፥ ሳይነቀል የኖረው ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ፥ መልሱን የምናገኘው በነሐሴ ወር ነው።

የከተማይቱ ስም ጌታችን ከሦስቱ ደቀ መዛሙርቱ ጋር ወጥቶ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ተራራ ስም ነውና፥ ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው በዓል በመላው አገራችን ቢከበርም፥ ለደብረ ታቦር ግን የገዛ ስሟ በዓል ነው። ፍልሰታ ከገባች ጀምሮ እረኞች የሚገምዱት ጅራፍ በየመስኩ ይጮኻል፤ ሊቃውንቱም ድምፁን ከደመናው ውስጥ በተሰማው በአብ ድምፅ ይመስሉታል። በዋዜማው ማታ ችቦ ይበራል፥ ይህም በተራራው ላይ የታየው ብርሃን ምሳሌ ነው። እናቶች ሙልሙሉን ጋግረው ይጠብቃሉ፤ ልጆቹም ዱላቸውን እየደቁ፥ አንዱ ሲያወርድ ሌሎቹ እየተቀበሉ፥ ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራሉ፤ ባለ ቤቱን ያወድሳሉ፥ ሙልሙላቸውን ይቀበላሉ፥ መርቀውም ይሄዳሉ። የክርስትና ልጅ ያለውም ሰው የልጁን ድርሻ ለብቻ ያኖርለታል። የአብነት ተማሪዎችም ይህን ቀን የራሳቸው በዓል አድርገው ስለሚቈጥሩት፥ ከየመንደሩ እህሉንና ጌሾውን ለምነው፥ ጠላውንና ዳቦውን አዘጋጅተው፥ ከየኔታ ጋር በዝማሬ ያከብሩታል፤ ዓመቱን ሙሉ ቁራሽ ሲለምን የኖረ ተማሪ በዚያን ቀን ጋባዥ ይሆናል።

ስለ ዝማሬ ካነሣን፥ ደብረ ታቦር ለቤተ ክርስቲያናችን ያቈየችውን አንድ ታላቅ ሀብት ሳላወሳ ማለፍ አይገባኝም። ሕዝቡ በቀልዳቸው ብቻ የሚያውቃቸው አለቃ ገብረ ሐና፥ ሸንበቆ በነፋስ ሲወዛወዝ አይተው አዲስ የዝማሜ ሥርዓት እንዳወጡ ይነገራል። ይህን ሥርዓት ተቀብሎ በደብረ ታቦር ኢየሱስ ያስተማረው ልጃቸው ተክሌ ስለ ነበር፥ እስከ ዛሬ ድረስ ተክሌ አቋቋም ተብሎ ይጠራል። በማኅሌት ሌሊት መቋሚያው በአንድነት ሲዘም፥ ጸናጽሉ ሲሰማ፥ ከበሮውም ከዝግታ ወደ ፍጥነት ሲሸጋገር ያየ ሰው፥ የአንድ አባት አሳብ በአንዲት ትንሽ ከተማ ተጠልሎ እንዴት የአገር ሀብት ለመሆን እንደ በቃ ይረዳል።

ጥርም የራሱ ግርማ አለው። በጥምቀት ታቦታቱ ወደ አጅባር ሜዳ ይወርዳሉ፤ ጥር 25 ቀን ደግሞ በዚያው ሜዳ የቅዱስ መርቆሬዎስ በዓል በፈረስ ጉግስ ይከበራል። በጥቁር ፈረስ ተቀምጦ በሥዕል ለሚታየው ሰማዕት፥ ፈረሰኞች በመጋለብ ክብር መስጠታቸው ምንኛ የተገባ ነው! ከየገጠሩ የሚመጣው ገበሬ ፈረሱን ሸልሞ ወደ ሜዳው ሲገባ፥ የአባቱን ሞያ በሕዝብ ፊት ሊያስመሰክር እንጂ ተመልካችን ሊያዝናና ብቻ አይደለም።

የትንሽ ከተማ በዓል ምሥጢሩም በዚህ ላይ የቆመ ይመስለኛል። በታላላቅ ከተሞች በዓል መድረክ እየሆነ፥ ጥቂቱ ያቀርባል፥ ብዙው ቆሞ ያያል፤ በደብረ ታቦር ግን እረኛው ጅራፉን፥ እናት ሊጡን፥ ተማሪ ዜማውን፥ ፈረሰኛ ልጓሙን ይዞ ስለሚገኝ፥ ሥራ የሌለው ሰው አይገኝም። ዙፋን በአንድ ሰው ላይ ስለሚቆም፥ ያ ሰው ሲወድቅ አብሮት ይወድቃል፤ በዓል ግን በሁሉ ትከሻ ላይ ስለሚያርፍ፥ አንዱ ቢያልፍ ሌላው ይሸከመዋል። ቴዎድሮስን የሚያህል ንጉሥ ከተማይቱን ሊያቃጥላት ቻለ፤ ሙልሙል የሚጋግሩትን እጆች ግን እሳቱ አላስተዋቸውም።

ስለዚህ፥ ወዳጆቼ ሆይ፥ መንገዱ በሰላም ሲያስኬዳችሁ በወረታ በኩል ስታልፉ ደብረ ታቦርን ለማደሪያ ምረጧት፤ ወደ ጋፋት ውረዱ፥ በኢየሱስ ደብርም ማኅሌት ቁሙ። የከተማይቱ ልጆች የሆናችሁ ደግሞ፥ በአገር ውስጥም በባዕድ አገርም ብትኖሩ፥ ለልጆቻችሁ የበዓሉን ፎቶግራፍ ከማሳየት አልፋችሁ፥ ጅራፍ መግመድን፥ ሊጥ ማቡካትን፥ ዜማ መቀበልን አስተምሯቸው። የአብነት ተማሪም ደጃችሁ ቢቆም ባዶ እጁን አትስደዱት። በዓልን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያሻግረው የመንግሥት አዋጅም የባለ ጠጋ ገንዘብም አይደለምና፤ ተራው ሲደርስ የድርሻውን ለመሥራት የሚነሣ ሰው ነው።