ለውድድር የሚሄዱ ልጆቻችንን እንዴት እናዘጋጅ?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ጠዋት ቁርኣን የምናስቀራቸው ልጆች ብዙዎቹ ከሰዓት ቴኳንዶ ይሠራሉ። አልሐምዱሊላህ፣ ከጫትና ከመንገድ ዳር መቀመጥ አድኗቸዋል። ለውድድር ወደ ጅማ የሚነሱ ጊዜ ታዲያ እዚህ ሸኮ ወላጆች ወደኛ ይመጣሉ፤ "ኡስታዝ፣ ምን እንያዝላቸው?" ይሉናል። የምንመልሰውን ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል ብለን ጻፍነው።

መጀመሪያ ስለ ሻንጣው። የአገራችን ዝናብ ይታወቃል፤ በጉዞው ዋዜማ የታጠበ ዶቦክ እርጥብ ሆኖ ነው የሚገባው። ቀደም ብሎ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ በፌስታል ይጠቅለል፤ ሻንጣው የሚጫነው መኪና ጣሪያ ላይ ነውና። ቀበቶ፣ የክንድና የቅልጥም መከላከያ አይረሳ። የራስና የደረት መከላከያ ውድ ስለሆነ ልጆቹ ይዋዋሳሉ፤ ቡና ለቅሞ በራሱ ገንዘብ የገዛም አለ፣ ማሻአላህ። የጥርስ መከላከያ ግን ለየራስ ነው። ዕድሜ ስለሚጣራ የልደት ማስረጃ ይያዝ። ጥፍር ይቆረጥ፤ የውድድሩ ሕግ ይጠይቃል፣ እኛ ዘንድም ሱና ነው። ለመንገድ ሙዝ፣ ቆሎ፣ በሶና ውሃ ይበቃል። ከሸኮ ሚዛን፣ ከሚዛን በቦንጋ አድርጎ ጅማ ሩቅ ነው፤ ሙሳፊር ስለሚሆኑ ዙህርና ዐስርን እንዴት እንደሚያሳጥሩ ሳይነሱ እናስተምራቸዋለን።

ሻንጣ በአንድ ማታ ይዘጋጃል። ከባዱ ገላን ማዘጋጀት ነው። ዋናው ጉዳያችንም ይኸው ነው።

ባለፈው ከተጓዙት መካከል አንድ የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ክብደቱ 54 ኪሎ። በዚህ ዕድሜ የወንዶች ምድብ ከ48 ኪሎ በታች፣ ከ51 በታች፣ ከ55 በታች እያለ ይቀጥላል። ልጁ ቦታው ከ55 በታች ሆኖ ሳለ ወርዶ ከ51 በታች መግባት ፈለገ፤ እዚያ ተጋጣሚዎቹ ትንንሽ ይሆናሉ ብሎ ነው። ጉዞው ሳምንት ሲቀረው መጥቶ፣ "ኡስታዝ፣ ሰኞና ሐሙስ ብጾም አጅርም አገኛለሁ፣ ኪሎዬም ይቀንሳል አይደል?" አለን። "ልጄ፣ ጾም ለአላህ ነው፣ ለሚዛን አይደለም፤ መጀመሪያ ኒያህን አስተካክል" አልነው። በሁለተኛው ቀን የቡና መሸፈኛ ፕላስቲክ ከሹራቡ ሥር ጠቅልሎ፣ በቀትር ፀሐይ ዳገት ሲሮጥ አገኘነው። ከንፈሩ ደርቋል፣ ምራቁንም ይተፋል።

አባቱን ስናናግር "አንድ ሳምንት ቢራብ ምን ይሆናል?" አሉን። ማስተሩም "ሁሉም ያደርገዋል" አለ። እኛ ግን ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ነገርናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ የትግል ተወዳዳሪዎች በ33 ቀናት ውስጥ ሞተዋል። ሦስቱም ለሚዛን ሲሉ ምግብና ውሃ ቀንሰው፣ ላብ የማያስወጣ ልብስ ለብሰው በሙቀት ውስጥ ሲሠሩ የነበሩ ጤነኛ ወጣቶች ናቸው። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለው ልብስ በኮሌጆቹ ውድድር ተከለከለ። ቴኳንዶ ደግሞ ራስ ላይ የሚያርፍ ምት ብዙ ነጥብ የሚያስገኝበት ስፖርት ነው። ውሃ አጥቶ የፈዘዘን ልጅ እንዲህ ያለ ምት ፊት ማቆም ምን ይሉታል?

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዐብደላህ ኢብኑ ዐምር ቀኑን ሁሉ ሲጾም ሌሊቱን ሁሉ ሲቆም፣ ገላው በርሱ ላይ ሐቅ እንዳለው ነግረውታል። በዒባዳ እንኳ ገላን ማጎሳቆል ካልተወደደ፣ ለሜዳሊያ ሲባል እንዴት ይፈቀዳል? ቡና ሲደርቅ ዋጋው ይጨምራል፤ ልጅ ግን ቡና አይደለም።

ማስተሩ አሰበበትና ከ55 በታች አስመዘገበው። ልጁ አንዱን አሸነፈ፣ በሁለተኛው ተሸነፈ። አባቱ ሜዳሊያ ባለመምጣቱ ትንሽ ቅር ብሏቸዋል፤ አንደብቅም። ልጁ ግን በጤናው ተመልሶ ሐሙስ ዕለት ከሒፍዙ አልቀረም።

ወላጆች ሆይ፣ ሦስት ነገር አደራ፦

1. ልጃችሁን ከውድድሩ ወር ቀደም ብላችሁ መዝኑት፤ በተፈጥሮ ክብደቱ የሚገባበትን ምድብ ከማስተሩ ጋር ተስማሙ።

2. በመጨረሻው ሳምንት ምግቡንና ውሃውን አትከልክሉት። "እየጾምኩ ነው" ካለም ለምን እንደሆነ በፍቅር ጠይቁት።

3. "ካላሸነፍክ አትምጣ" አትበሉት። በቀልድም ቢሆን ልጅ ያምነዋል።

በ2013 ዓ.ም በቶኪዮ ኦሎምፒክ ሰለሞን ቱፋ ኢትዮጵያን ወክሎ በ58 ኪሎ ቴኳንዶ ተወዳድሯል። ከቡና አገርም እንዲህ ያለ ልጅ ይወጣል ኢንሻአላህ። እዚያ የሚያደርሰው ግን የብዙ ዓመት ልምምድ ነው፤ ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ጤነኛ ገላ ያስፈልገዋል። ይህ ገላ አላህ በእጃችን ያስቀመጠው አማና ነው።

አላህ ልጆቻችንን በሄዱበት ይጠብቅልን፣ በሰላም ይመልስልን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።