ቡሬ እስክትበላ

የምንኖርበት ሕንፃ ውሻና ድመት አያስገባም። ልጄ እንስሳ እንድንገዛለት በለመነ ቁጥር የኪራይ ውሉን አሳየውና ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። አንድ ቀን ግን ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ ይዞ መጣና ፎቶው ላይ ጣቱን አሳርፎ፣ «አባዬ፣ ይቺ አትጮህም፣ ፀጉር የላትም፣ ጎረቤት አትረብሽም» አለኝ። ቢጫ ቆዳዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የተነሰነሰባት፣ ጅራቷ ደንደን ያለ እንሽላሊት ነበረች። ሌፐርድ ጌኮ ይሏታል። ውሉን ደግሜ አነበብኩት፤ ስለ እንሽላሊት የሚል ነገር የለውም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ ከእኛ ጋር የከረመችበት ዓመት ነበር፤ ከልጁ ጋር አንድ መኝታ ክፍል ይጋራሉ። ጌኮዋ የምትቀመጠው እነሱ ክፍል ስለሆነ መጀመሪያ የእሷን ፈቃድ ጠየቅን። «መርዝ አላት?» አለች። የላትም አልናት። «እንግዲያው የፈጣሪ ፍጥረት ናት፣ ትምጣ» አለች።

ልጁ መጽሐፉን በቃሉ ይዞታል። አገሯ አፍጋኒስታን፣ ፓኪስታንና ሰሜን ምዕራብ ሕንድ ድንጋያማው ደረቅ ምድር ነው። ሳይንሳዊ ስሟን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1854 ያወጣላት ኤድዋርድ ብላይዝ የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት አጥኚ ነው። በደንብ ከተያዘች ከ15 እስከ 20 ዓመት ትኖራለች። እኔ ወጣት ሳለሁ ድሬዳዋ ሠርቻለሁ፤ እዚያ ማታ ማታ መብራት ሥር ግድግዳ ለግድግዳ የሚሮጡት ጌኮዎች የዓይን ቆብ የላቸውም፣ ዓይናቸውን የሚያጸዱት በምላሳቸው እየላሱ ነው። ይቺኛዋ ግን እንደ ሰው ዓይኗን ትከድናለች። እግሯ ላይም መስታወት የሚይዝ ነገር የላትም፤ ጥፍር ብቻ ነው። የምድር ፍጥረት ናት፣ ግድግዳ አትወጣም።

የፈረንጆቹ ገና እንዳለፈ፣ ትምህርት ቤት ዝግ ሳለ፣ የቤት እንስሳት ከሚሸጥበት ሱቅ ሄደን ገዛናት። ሻጩ ወጣት ሰው አክባሪ ነበር፤ ግን ከመስታወት ሣጥኑ ጋር ቀይ አሸዋ፣ የሚያሞቅ አምፖልና አንድ ከረጢት ትልልቅ ክሪኬት፣ ያንን ሌሊት ሌሊት የሚጮኸውን ፌንጣ ማለቴ ነው፣ አሸክሞ «ፌንጣውን ጣሉላት፣ ትበላለች» ብሎ ሸኘን። ስለ ሙቀት ልክ አልነገረን፣ ስለ ቴርሞሜትር አላነሳ። ነፍስ ያለው ነገር እየሸጡ ነፍሱ የሚቆምበትን ነገር ሳይነግሩ መሸኘት ትልቅ በደል ነው፤ ያን ቀንም ዛሬም እንዲሁ ነው የማስበው።

ቤት እንደገባች ጥግ ይዛ ተለጠፈች። ልጁ ፌንጣ ጣለላት፤ ፌንጣው አፍንጫዋ ሥር አልፎ ሲሄድ ፊቷን አዞረች። በማግስቱም አልበላች። እናቴ ጎንበስ ብላ ቆዳዋን አየችና፣ «ዥንጉርጉር ናት፣ ቡሬ በሏት» አለች። ስሟ በዚያው ጸና።

እኔ ሆስፒታል ውስጥ የማታ ፈረቃ ነው የምሠራው። እኩለ ሌሊት አልፎ ስመለስ ቤቱ ሁሉ ተኝቷል፤ እሷ ደግሞ ሲጨልም ነው የምትነሳው። ስለዚህ ቡሬን ከሁላችን በላይ ያየኋት እኔ ነኝ። በር ገርበብ አድርጌ በኮሪደሩ ብርሃን አያታለሁ። ከመሸሸጊያዋ ግማሽ አካሏን ታወጣና አየሩን ትልሳለች፣ ትንሽ ኮሽ ሲል ትመለሳለች። ያስቀመጥንላት ሁሉ እንዳለ ነው። እኛ ፍቅራችንን የምንገልጸው በማብላት ነው፤ እንግዳ ዝም ካለ «በሞቴ» እንላለን፣ አሁንም እምቢ ካለ ጎርሶ እንዲያልፍ እናደርጋለን። አንድ ፍጥረት ቤቴ ውስጥ ሳይበላ ማደሩ እንቅልፍ ነሳኝ። ፌንጣውን በወረንጦ ይዤ አፏ ድረስ ላቅርብላት ብዬ እናቴን ባማክራት ከለከለችኝ።

«ከገበያ የመጣ በሬ የመጀመሪያውን ሰሞን ሣር ቢከምሩለትም አይበላም» አለችኝ። «የወጣበትን በረት ይናፍቃል። አባትህ ታዲያ ‹ዞር በሉለት› ነበር የሚለን። ውሃ አስቀምጦ፣ ነፋስ የማይገባበት ቦታ አስሮ፣ ዞር።»

እንሽላሊት የሚያይ ሐኪም ፈልገን ቡሬን በትንሽ ዕቃ፣ በፎጣ ጠቅልለን ወሰድናት። ሐኪሟ ከሁሉ በፊት የጠየቀችው ምን ትበላለች ብላ አልነበረም፤ «የምትተኛበት ወለል ስንት ዲግሪ ነው?» ነው ያለችው። ከዚያ አስረዳችን። ቡሬ የራሷ ሙቀት የላትም፣ ከመሬት ነው የምትቀበለው። ሆዷ ሥር ያለው ወለል 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ካልሆነ የበላችው አይፈጭላትም፤ አካሏ ይህን ስለሚያውቅ አፏን ትዘጋለች። የሣጥኑ ሌላው ጫፍ ደግሞ 24 ገደማ መሆን አለበት፣ ሲሞቃት የምትሸሽበት። መዘነቻት፤ 22 ግራም። ጅራቷን አሳየችን፦ ስቧን የምታስቀምጠው እዚያ ነው። «ይህ ጅራት ጥሩ ነው፣ ጊዜ ይሰጣችኋል። ከሰውነቷ ክብደት አንድ አሥረኛው ከቀነሰ ወይም ጅራቷ ከሰለለ አምጧት። እስከዚያ በግድ እንዳታበሏት» አለች። የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ እንዳለባት ለማወቅም ኩሷን ይዘን እንድንመጣ ነገረችን፤ በኋላ ተመርምሮ ደህና ሆኖ ተገኘ።

ቤት ገብተን ወለሉን ስንለካው 25 ነበር። አምፖሉ አየሩን እያሞቀ ወለሉን አላገኘውም፤ ሣጥኑም መስኮት አጠገብ ነው፣ ጥር ሊገባ ነው፣ ውጭው በረዶ ነው። ሣጥኑን ከመስኮቱ አራቅነው። ከሥሩ የሚለጠፍ ማሞቂያና ሙቀቱ ከልኩ እንዳያልፍ የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት ገዛን። አሸዋው ተጠርጎ ወጣ፤ ከምግብ ጋር ውጣው አንጀቷን ሊዘጋባት ይችላል። በምትኩ የወጥ ቤት ሶፍት አነጠፍን። መሸሸጊያው ሦስት ሆነ፦ አንዱ በሙቀቱ በኩል፣ አንዱ በቅዝቃዜው፣ ሦስተኛው ክዳኑ የተበሳ የፕላስቲክ ዕቃ ሆኖ ውስጡ እርጥብ ሶፍት ያለበት፤ ቆዳዋን ስትጥል እንዲያለሰልስላት። የሣጥኑ መስታወት በአራቱም በኩል ገላጣ ስለሆነ ሐኪሟ ሦስቱን ጎን ሸፍኑት ብላ ነበር። እናቴ ካርቶን ስንፈልግ አይታ ያረጀ ነጠላዋን አመጣች፣ አጣጥፋ በሦስቱ ጎን አለበሰችው።

ልጁን ያደነቅሁት በዚህ ሰሞን ነው። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ለዓመታት የለመናትን ፍጥረት አግኝቶ እንዳይነካት ተነግሮታል። የቤት ሥራውን ሣጥኑ አጠገብ ወለል ላይ ተቀምጦ ይሠራል፣ ውሃዋን ይቀይራል፣ እጁን ይታጠባል። እንዲህ ያሉ እንስሳት ሳልሞኔላ የሚባለውን ጀርም ሊይዙ ስለሚችሉ የመታጠቡን ነገር እናቴ ራሷ ነበር የምትቆጣጠረው። ቡሬ የምትመዘንበት ሚዛንም ለብቻዋ ተገዛ፣ ወጥ ቤት አይገባም።

በእኛ ገና ዕለት ቤቱ በሰው ሞላ። ዶሮ ወጡ ተበልቶ ቡና ሲፈላ የእንግዶቹ ልጆች እንሽላሊቷን እንይ ብለው ተነሡ። ልጄ በሩ ላይ ቆመ። «አሁን አይቻልም፣ ገና አልበላችም» አላቸው። አንዱ እንግዳችን፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ «ለአንዲት እንሽላሊት ይህን ያህል?» ሲሉ እናቴ ቀበል አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ቤታችን ገብታ የለ እንዴ፣ እንግዳ ናት» አለቻቸው። በሩ እንደተዘጋ ዋለ።

ክብደቷ ወደ 21 ግራም ወረደ። ከዚያ ደግሞ አንድ ሌሊት ከሥራ ስገባ ቀለሟ ጠፍቶ አገኘኋት፤ ቢጫው አመድ መስሏል፣ ነጠብጣቧ ከመጋረጃ ኋላ ያለ ይመስላል። ደነገጥኩ። የልጁን መጽሐፍ አንስቼ ኮሪደር ላይ ቆሜ አነበብኩ፦ ቆዳ ልትጥል ነው። ሳልተኛ ቆየሁ። ወደ እርጥቡ ዕቃ ገባች፣ ቆይታ ወጣች፣ ከአፏ ጫፍ የተላቀቀውን ነጭ ቆዳ ነክሳ እንደ ካልሲ ከእግሯ እየሳበች ታወጣው ጀመር። ያወጣችውንም ዋጠችው። ጌኮዎች እንዲህ ናቸው፣ የጣሉትን ቆዳ ይበሉታል። ከሥሩ የወጣችው ቡሬ ደማቅ ነበረች። ጠዋት ከልጁ ጋር በእጅ ባትሪ ጣቶቿን አንድ በአንድ አየን፤ ጣት ላይ የቀረ ቆዳ ሲደርቅ ደም አግዶ ጣቱን ያስቆርጣልና። ንጹሕ ነበረች።

በማግስቱ ማታ ነው ነገሩ የሆነው። ልጁ ከመተኛቱ በፊት ትንንሽ ፌንጣዎች አዘጋጅቶልኝ ነበር፦ በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ካለው ስፋት የማይበልጡ፣ ቀኑን ሙሉ ካሮትና ጎመን የበሉ፣ አጥንቷ እንዳይልፈሰፈስ ካልሲየም ዱቄት የተነሰነሰባቸው። ስመለስ ቡሬ ሙሉ አካሏን አውጥታ ቆማለች። አንዱን ፌንጣ በቀስታ ለቀቅሁት። ራሷን ቀና አደረገች። ፌንጣው ቆመ፣ እሷም ቆመች። የጅራቷ ጫፍ ብቻ ይርገበገብ ጀመር፤ ስትፈራ በዝግታ እንደምታወዛውዘው አይደለም፣ ፈጣን ንዝረት ነው፣ ሶፍቱ ላይ ድምፁ ይሰማል። አንድ እግር አነሳች፣ አስቀመጠች። ከዚያ ዓይኔ ሊከተለው ባልቻለ ፍጥነት ተወረወረች፤ የፌንጣው እግር በአፏ ጎን ወጥቶ ይታያል። ሁለት ሦስት ጊዜ አላመጠች፣ ዓይኗን ጨፍና ዋጠች፣ ከንፈሯን ላሰች።

ልጁ በምንም ሰዓት ቢሆን ቀስቅሰኝ ብሎኛል። ትከሻውን ነካሁት። «በላች?» አለ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ። እናቴም ጋቢዋን ተከናንባ ተነሳች። ሦስታችን ወለሉ ላይ ተቀምጠን ሁለተኛውን ለቀቅን፣ እሱንም በላች። ሦስተኛውን አየችውና ተወችው። ሌሊቱን እንዳይነክሳት ልጁ ፌንጣውን በብርጭቆ ይዞ አወጣው። እናቴ ፊቷን አማተበችና «ተመስገን፣ በሉ ዞር በሉላት» ብላ መብራቱን አጠፋች።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። ክብደቷ በየሳምንቱ ጨመረ፣ ጅራቷ እንደ አንገቷ ወፈረ። ልጁ እጁን ሣጥኑ ወለል ላይ ዘርግቶ መተው ጀመረ፣ ሳይዛት፤ አንድ ምሽት ራሷ መዳፉ ላይ ወጥታ ቆመች። እናቴ በፋሲካ ሰሞን ወደ አገሯ ስትመለስ ነጠላዋን አልወሰደችም።

ባለፈው ወር አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለሴት ልጁ ሌፐርድ ጌኮ ገዝቶ አልበላ ብላናለች አለኝ። ልጅቷ እያለቀሰች፣ እናትየው በግድ እናብላት እያለች ነው። የወለሉ ሙቀት ስንት ነው አልኩት። አያውቅም። በዕረፍት ቀኔ ልጄን ይዤ፣ ቴርሞሜትሩንና አንድ ጥቅል ሶፍት ጨምሬ ቤታቸው ሄድን።