ጎመን በጤና

በዋግ ኽምራ በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ከእናቶች አፍ ደጋግሜ የሰማሁት የዐይን ችግር «ዳፍንት» ነው። ልጁ ቀን ሲሮጥ ይውልና፣ ሲመሽ ግድግዳ እየዳበሰ ይሄዳል። ዋናው ምክንያት የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየ6 ወሩ እንክብል የሚሰጠውም ለዚህ ነው፤ ዓመት ላልሞላቸው ሰማያዊው፣ ከዚያ በላይ ላሉት ቀዩ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ስለ ዐይን ሳነብ ሌላም ነገር ተማርኩ። በዐይናችን የውስጠኛ ግድግዳ ላይ፣ ፊደል የምንለይበትና የሰው ፊት የምናውቅበት፣ ማኩላ የምትባል ትንሽ ቢጫ ነጥብ አለች። ቢጫ ያደረጓት ሉቲንና ዚያዛንቲን የተባሉ ቀለማት ናቸው። ሰማያዊውን ብርሃን እንደ ጥላ ይከላከሉልናል። ሰውነታችን ግን አይሠራቸውም፤ ከምግብ ነው የምናገኛቸው።

በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እነዚህን ቀለማት ዐይንን ሳይነኩ በሌዘር የሚለኩበት መሣሪያ ሠርተዋል። ተመርማሪው ለቅጽበት ደካማ ሰማያዊ ብርሃን ያያል። ተመልሶ ከሚወጣው ብርሃን አብዛኛው ቀለሙ እንዳለ ነው፤ እጅግ ጥቂቱ ግን የነካውን ነገር ምልክት ይዞ፣ ቀለሙን ለውጦ ይመለሳል። ይህን የብርሃን ጠባይ የህንዱ ሳይንቲስት ራማን እ.ኤ.አ. በ1928 ደርሶበት በ1930 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። መሣሪያው ያን የተለወጠ ብርሃን መዝኖ በዐይን ውስጥ ያለውን የቀለም መጠን ያሳያል። ታዲያ ወላጆች አደራ፦ ያ በሐኪም እጅ ተመጥኖ የሚበራ ነው። ልጆች የሚጫወቱበት የሌዘር መብራት ግን ዐይን ላይ ፈጽሞ መብራት የለበትም።

ይህ ብርሃን የሚለካው፣ ጠጋ ብለው ካዩት፣ ማዕዳችንን ነው። ሉቲን በጎመንና በቆስጣ በብዛት አለ፤ የእንቁላል አስኳልንና በቆሎን ቢጫ ያደረጉትም እነዚሁ ሁለት ቀለማት ናቸው። ቅጠሉ ጥቂት ዘይት ሲገባበት ሰውነት በተሻለ ይወስዳቸዋል። እናትም ለልጇ በጡቷ ታካፍላለች፤ አንዳንዶች «ያረጀ ነው» ብለው የሚደፉት ቢጫው እንገር በእነዚህ ቀለማት የበለጸገ ነው። እንክብሉ ሉቲን የለውም። ጎመን ግን ሉቲንም፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውም ነገር አለው።

በቤቴ ያለው ክርክር እዚህ ላይ ነው። ልጄ ለልጇ ጎመን ማቅረብ አትወድም። «እማዬ፣ እኛ በችግር የበላነውን እሱ ለምን ይብላ?» ትለኛለች። አልፈርድባትም፤ በ77ቱ ድርቅ ወሬ ያደገች የሰቆጣ ልጅ ናት። ፓስታው ለእሷ የፍቅር መግለጫ ነው። እኔ ግን እንዲህ አልኳት፦ «ልጄ፣ የጎዳን ጎመኑ አይደለም፤ ሌላ አለመኖሩ ነው። እንቁላል ጨምሪበት፣ ዘይት ጠብ አድርጊበት እንጂ አታስቀሪበት።» በ2007 ዓ.ም. ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር ለማስቆም የተገባው አገራዊ ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም ተጠርቷል። ቃሉ የሚጠበቀው በየቤታችን ሳህን ላይ ጭምር ነው።

ለእኩዮቼ ለአያቶችም አንድ ቃል አለኝ። ዐይን ሲደክም «እርጅና ነው» ብሎ መቀመጥ አይገባም። በአገራችን ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የሚመጣው በዐይን ሞራ ነው። ሞራን ጎመን አይገፈውም፤ ቀዶ ሕክምና ግን ይገፈዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ይታዩ።

ያ የሌዘር መሣሪያ ጽጽቃ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልገንም። ከማድ ቤት በሚደፋው ውሃ ሁለት መደብ ጎመን ይበቅላል። ልጄም ባለፈው ሳምንት ዘሩን ወስዳለች፤ ልጁ ይብላው አይብላው ገና አልነገረችኝም።