ሾፌሩ የማያየው መብራት

መካኒክ አይደለሁም። በነርስነት ዲፕሎማ ተመርቄ 36 ዓመት በመንግሥት ሆስፒታል ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት ድንገተኛ ክፍል ነው። ስለ መኪና የማውቀው ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እሁድ እሁድ ኮፈኑን ከፍቶ ሲነካካ አጠገቡ ቆሜ ካቻቢቴና ፒንሳ እያቀበልኩ የለቀምኩትን ያህል ነው። እሱ ትቶልኝ የሄደ በፈረንጆቹ 1986 የተሠራች ኮሮላ አለችኝ፤ ሰፈሩ «ዲኤክሷ» ይላታል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሁለት የልጅ ልጆቼን ከትምህርት ቤት የማመጣው በእሷ ነው። ትልቁ 14 ዓመቱ ነው፣ ታናሿ 9። ወላጆቻቸው ሁለቱም እስከ ማታ ሥራ ላይ ናቸው።

የፍሬን መብራት ከሌሎቹ መብራቶች የሚለየው፣ ሲታመም ባለቤቱ የማያውቀው መሆኑ ነው። የፊት መብራት ከጠፋ መንገዱ ይጨልማል። የፍሬቻ አምፖል ሲቃጠል ዳሽቦርድ ላይ ያለችው ቀስት ቶሎ ቶሎ እየመታች ትነግረናለች። የፍሬን መብራት ግን ያለው ከጀርባችን ነው፤ የሚበራውም እግራችን ፔዳሉ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ፔዳሉን ረግጠን ወርደን ልናየው አንችልም። በአሮጌ መኪና ላይ ደግሞ የሚያስጠነቅቅ ምልክት የለም። እኔ ከደም ግፊት ጋር ነው የማመሳስለው። የደም ግፊት ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማውም፤ የሚያውቀው ሌላ ሰው ሲለካው ነው።

የእኔን ያወቀልኝ የሰፈራችን የዳቦ ቤት ባለቤት ነው። ከኋላዬ ሲነዳ መጥቶ በር ላይ ስቆም መስኮቱን ዝቅ አደረገና፣ «እትዬ፣ ቀኝ የፍሬን መብራትሽ አይሠራም፤ አሁን ልገጭሽ ነበር» አለኝ። ደነገጥኩ። ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ልጆቹ ናቸው፤ ከኋላ የሚመጣ ነገር መጀመሪያ የሚደርሰው እነሱ ጋ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከ16 ሜትር በላይ ይጓዛል። ከኋላ ያለው ሾፌር የፊተኛው መኪና ፍሬን መያዙን ከቀይ መብራቱ ካላወቀ፣ የሚያውቀው መኪናው ወደ እሱ ስትቀርብ ነው፤ ያኔ ያቺ ሰከንድ አልፋለች። ድንገተኛ ክፍል ከኋላ የተገጩ ሰዎችን ብዙ አይቻለሁ። ብዙዎቹ በአደጋው ቦታ ደህና ነን ብለው ወደ ቤታቸው የሄዱ ናቸው። በማግስቱ አንገታቸውን ማዞር አቅቷቸው፣ ራሳቸውን እያመማቸው ይመጣሉ። አንገት ወደ ኋላ ተወርውሮ ወደ ፊት ሲመለስ ጅማቱና ጡንቻው ይጎዳል፤ ሕመሙም ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ከኋላ የተገጨ ልጅ «ምንም አልሆንኩም» ቢላችሁም በማግስቱ ደግማችሁ ጠይቁት።

ወደ መኪናዋ ልመለስ። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ አምፖሎቹን ቀየረ፣ በራ፣ 600 ብር ከፈልኩ። ከሁለት ቀን በኋላ ያው የዳቦ ቤቱ ሰው፣ «አልተሠራም እንዴ?» አለኝ። ተመለስኩ። አሁን ደግሞ ከፔዳሉ በላይ ያለችውን ማብሪያ ቀየረና 1,400 ብር አስከፈለኝ። በራ። በሳምንቱ ጠፋ። ሦስተኛ ስሄድ መኪናዋን ሳያያት፣ «ማዘር፣ የዚች መኪና ሙሉ ሽቦዋ መቀየር አለበት። ዕድሜዋ ነው» አለኝ። ዋጋውን ስጠይቀው 18,000 ብር አለ።

ይህንን ማታ ለልጄ ስነግረው ሲጠብቀው የነበረ ነገር ያገኘ መሰለ። «እማዬ፣ መኪናዋም አርጅታለች፣ አንቺም ደክሞሻል። እንሽጣትና ልጆቹን ሰርቪስ ያመላልሳቸው» አለኝ። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ልጆቹ የእሱ ናቸው። ነገር ግን ከምግቡ በኋላ ብቻዬን ስቀመጥ የከነከነኝ ሽያጩ አልነበረም። «ዕድሜዋ ነው» የሚለው ቃል ነው። ያንን ቃል ሥራ ላይ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ!

አንድ ጊዜ ልጆቻቸው ደግፈው ያመጧቸው አንድ አባት ነበሩ። ሁለት ቀን ሆኗቸዋል፤ ይቀባዥራሉ፣ ያልባቸዋል፣ የልጃቸውን ስም ይሳሳታሉ። «እርጅና ነው፣ አእምሯቸው ደክሟል» ብለው ነው ያመጧቸው። የስኳር መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ ስጠይቅ አዎ አሉ። ምግብስ? ጉንፋን ይዟቸው ሁለት ቀን በቅጡ አልበሉም። የጣታቸውን ደም ስንለካው ስኳራቸው በጣም ወርዷል። ግሉኮስ በደም ሥራቸው ሲገባ ብዙም ሳይቆይ ቀና ብለው፣ «ማነው እዚህ ያመጣኝ?» አሉ። በዕድሜ የገፋ ሰው በድንገት ጠባዩ ከተለወጠ ወይም ከተቀባዠረ፣ የስኳር መውረድ፣ የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት ሊሆን ይችላል። እርጅና በሁለት ቀን አይመጣም። መብራትም ቢሆን ዛሬ በርቶ ነገ የሚጠፋው ስላረጀ ብቻ አይደለም፤ የሆነ ቦታ የሆነ ነገር እየነካ እየለቀቀ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱንም የልጅ ልጆቼን ጠራሁና ደብተር አስያዝኳቸው። ነርስ ስትሆን መርፌ ከመወጋት በፊት የምትማረው ታሪክ መውሰድ ነው። መቼ ጀመረ? አንድ ጎን ነው ሁለቱም? ሁልጊዜ ነው አንዳንዴ? ምን ሲሆን ይብሳል? ልጁ ጻፈ፦ ቀኝ ብቻ፣ አንዳንዴ፣ ከዝናብ በኋላና ጉድጓድ ካለፍን በኋላ የሚብስ።

ይህች መልስ ብቻዋን ብዙ ነገር ትለያለች። መብራቱ በሁለቱም ጎን ቢጠፋ ኖሮ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፊውዝ ነው፣ ቀጥሎ ከፔዳሉ በላይ ያለችው ማብሪያ። ሁለቱን ጎን የሚያበራው ያው አንድ ፊውዝና ያቺው አንዲት ማብሪያ ናቸውና። ግራው ደህና ሆኖ ቀኙ ብቻ ከታመመ ግን ፊውዙም ማብሪያውም ንጹሕ ናቸው። ያቺ 1,400 ብር የተከፈለችው ለጤነኛ ዕቃ ነው ማለት ነው። ችግሩ ያለው ቀኝ ጎን ላይ ነው፤ አምፖሉ፣ የአምፖሉ ማቀፊያ፣ ወይም ሽቦው።

ከዚያ ምርመራ። መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማለች፣ የእጅ ፍሬን ተይዟል፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። በእኔ መኪና የፍሬን መብራት ያለ ቁልፍም ይሠራል፤ ስለዚህ ታናሿ ሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጣ ፍሬን ስትረግጥ ልቤ አልፈራም። ወንድሟ ከኋላ ቆሞ ያያል። «እርገጪ!» «በራ፣ ግራው!» «ልቀቂ!» ጎረቤት ሁሉ ሰማን። የቀኙን አምፖል አወጣሁት። ይህ አምፖል በውስጡ ሁለት ክር አለው፤ አንዱ 5 ዋት ለማታው ትንሽ መብራት፣ ሌላው 21 ዋት ለፍሬን። አንዱ ክር ተበጥሶ ሌላው ሊሠራ ይችላል፤ ስለዚህ ማታ ትንሿ መብራት ስለበራች የፍሬኑም ይሠራል ማለት አይደለም። ክሮቹ ሙሉ ናቸው፣ መስታወቱም አልጠቆረም። ግራና ቀኙን አቀያየርኳቸው። የቀኙ ግራ ገብቶ በራ፤ የግራው ቀኝ ገብቶ ጠፋ። አምፖሉ ነጻ ወጣ።

ቀጥሎ ትንሹን መብራት አበራን። ሁለቱም ጎን በራ። «አሁን እርገጪ» አልኳት። ልጁ ጮኸ፤ «እማማ! ቀኙ ጭራሽ ጠፋ! ስትለቅ ይበራል፣ ስትረግጥ ይጠፋል!»

ደስ አለኝ ብል አታምኑኝም። ይህንን ምልክት ባለቤቴ አንድ እሁድ በጎረቤት ላዳ ላይ አሳይቶኛል። ፍሬን ሲያዝ መብራት ይጠፋል ማለት የማታ ነገር ነው፤ ከኋላ ላለው ሰው መኪናችን ልታቆም ስትል ግማሽ ጎኗ ጨለማ ውስጥ ይገባል። ከማይበራም የባሰ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ወጥቶ በሽቦ አምፖሉ ድረስ ይሄዳል፤ ሲመለስ ግን በመኪናው ብረት አካል በኩል ነው የሚመለሰው። አምፖሉን ከብረቱ ጋር የሚያገናኘውን መመለሻ መካኒኮቻችን «ማሳ» ይሉታል፤ ከጣሊያን የቀረ ቃል ነው። ደም በደም ቅዳ ሄዶ በደም መልስ ካልተመለሰ ምን ይሆናል? ማሳው ሲበላሽ የቀኙ መብራት መመለሻ ያጣና በሌላ መንገድ ይሾልካል። ትንሿ መብራት ብቻዋን ስትበራ በፍሬኑ ክር በኩል ዞራ በግራው መብራት ማሳ ትመለሳለች፤ ስለዚህ ትበራለች። ፍሬን ሲረገጥ ግን ያ መውጫ መንገድ ራሱ ከባትሪው ይመጣበታል፤ ከሁለቱም ጫፍ እኩል ሲገፋ የሚፈስ ነገር የለም። መብራቷ ትጠፋለች። ስለዚህ ፍሬን ሲያዝ የሚጠፋ መብራት፣ ወይም ፍሬቻ ሲመታ አብሮ የሚርገበገብ የፍሬን መብራት ካያችሁ፣ አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት ማሳውን ጠይቁ።

ማረጋገጫው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። ሁለት ጫፉ የተላጠ አጭር ሽቦ አንዱን ጫፍ የአምፖሉ ማቀፊያ ብረት ላይ፣ ሌላውን ቀለም የሌለው የመኪናው ብረት ላይ አስነካሁ። «እርገጪ!» ቀዩ ቦግ አለ። ልጁ ደብተሩን ጥሎ ጨፈረ።

የቀረው ማሳው የሚታሰርበትን ቦታ ማግኘት ነበር። የዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ ስናነሳ ሥሩ ርጥብ ነው። የክዳኑ ዙሪያ ጎማ ተሰንጥቆ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲያስገባ ከርሟል፤ ማሳው የታሰረበት ብሎን በዝገት ተሸፍኗል። ጉድጓድ ስናልፍ ይነካል፣ ይለቃል። ጋራዡ ውስጥ አምፖሉን ሲነካኩት ሽቦው ስለሚወዛወዝ በዕድል ይገናኛል፤ ይበራል፤ እኔም እከፍላለሁ። ብሎኑን ፈታን፣ ሽቦውንም ብረቱንም ብልጭ እስኪል በብርጭቆ ወረቀት ፈተግን፣ መልሰን አጠበቅን፤ እርጥበት እንዳይገባው ከላዩ ቫዝሊን ቀባሁት። ቫዝሊን ከነርስ ቤት አይጠፋም። ወጪያችን ለብርጭቆ ወረቀቱ 40 ብር ነበር።

ተቃራኒውም ሕመም ስላለ ሳልጠቅሰው አልለፍ። እግር ሳይረገጥ የፍሬን መብራቱ በርቶ የሚቀርባቸው አሮጌ መኪኖች አሉ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ፔዳሉ ሲመለስ የማብሪያዋን አፍንጫ የሚገፋው ትንሽ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ቁልፍ አርጅቶ መውደቁ ነው። ጠዋት ባትሪ የሞተባችሁ ከሆነና ከፔዳሉ ሥር ወለሉ ላይ ፍርፋሪ ካያችሁ እሱን ጠርጥሩ።

እሁድ ልጄ ሲመጣ ልጁ ደብተሩን አነበበለት። ዝም ብሎ ሰማ። ወደ ኋላ ሄዶ «እርገጪ» አላት ልጁን፤ ሁለቱም በሩ። ከዚያ ቡና እየጠጣን፣ «እማዬ፣ መኪናዋስ ተመረመረች፤ አንቺስ?» አለኝ። እውነት ለመናገር መልስ አልነበረኝም። እኔ ያለ ምርመራ እንዳይፈረድባት የተከራከርኩላት መኪና ናት፤ ለራሴ ያለ ምርመራ «ደህና ነኝ» ማለት አልችልም። በሚቀጥለው ሳምንት ዓይኔን ታየሁ። የቀን ዕይታዬ ለመንዳት ይበቃል፤ ግራ ዓይኔ ላይ ግን የሞራ መጀመሪያ አለ፤ ማታ የፊት ለፊት መብራት የሚበታተንብኝ ለዚያ ነው። ሐኪሟ በስድስት ወር ተመለሺ አለችኝ። ከልጄ ጋር ተነጋገርን፤ ልጆቹን ቀን አመጣለሁ፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ቁልፉን አልነካም። ቶሎ የሚጨልምበት ወቅት ሲመጣ ደግሞ እንደገና እንነጋገራለን ብለናል።

ሰኞ ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ከመሳፈራቸው በፊት አንዱ ከኋላ ይቆማል፣ እኔ እረግጣለሁ። ረዳት የሌላችሁ ማታ ላይ መኪናውን በኋላ ወደ ግድግዳ አስጠግታችሁ ፍሬን ብትይዙ ቀዩን ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ ታያላችሁ። የእኛ እስካሁን በርቷል። የክዳኑን ጎማ ግን አላገኘሁም። ሶማሌ ተራ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ያገኘሁት ከእኔው የባሰ የደረቀ ነው። ለጊዜው ላስቲክ አልብሻታለሁ።