ኮምፒውተር ዘይት ውስጥ፦ ከኮልፌ ትራንስፎርመር ሥር ሆኖ ሲታሰብ

ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና፣ ከ18 ማዞሪያ እስከ ዓለም ባንክ በኮልፌ ቀራኒዮ የሚመላለስ ሰው ቀና ካለ ሁለት ምሰሶ የተሸከመውን ግራጫ የብረት ሣጥን ሳያይ አያልፍም። የሰፈሩ ሰው ስሙን የሚያነሳው ሲፈነዳ ወይም አንዱ ፌዝ ሲጠፋ ነው። በደህናው ቀን "እምም" እያለ ሲሠራ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ይህ ሣጥን ትራንስፎርመር ነው፤ ሆዱም በዘይት ተሞልቷል። 15 ሺህ ቮልቱን ለቤት ወደሚሆን ቮልቴጅ የሚያወርደው የመዳብ ጥምጥም፣ ከነብረቱ፣ ዕድሜውን ሙሉ ዘይት ውስጥ ሰምጦ ይኖራል።

ኮምፒውተር በመስታወት ገንዳ ውስጥ ዘይት ተሞልቶበት ሲሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ ስልክ ላይ ብቅ ሲል ግን ብዙው ሰው "ጉድ ፈላ!" ይላል። ማዘርቦርዱ ሰምጧል፣ የፋኑ መብራት ቀይና ሰማያዊ ይላል፣ ከታች አረፋ ይወጣል፤ አንዳንዱ የፕላስቲክ ዓሣም ይጨምርበታል። ነገሩ አዲስ የሚመስለው ሣጥኑ ስላማረ ነው እንጂ ብልሃቱ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ በየምሰሶው ላይ አለ።

ዘይቱ እዚያ ላይ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ለኮምፒውተሩም ይጠቅማል። ኤሌክትሪክ ከአንዱ ጥምጥም ወደ ሌላው እንዳይዘል ያግዳል። ይህን አቅሙን የሚፈትኑት በቀላል መንገድ ነው፦ ሁለት የብረት ጫፎች 2.5 ሚሊ ሜትር ተራርቀው ዘይት ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ብልጭታ እስኪዘል ድረስ ቮልቴጁ ከፍ ይደረጋል። አዲስ የትራንስፎርመር ዘይት ገና ሳይጣራ እንኳ ቢያንስ 30 ሺህ ቮልት መቋቋም ይጠበቅበታል። የኮምፒውተር ማዘርቦርድ የሚሠራው በ12፣ በ5 ቮልትና ከዚያም ባነሰ ስለሆነ እንዲህ ላለው ዘይት ምኑም አይደለም። ከማገዱ ጎን ደግሞ ዘይቱ ሙቀት ያመላልሳል። ጥምጥሙ ሲሞቅ አጠገቡ ያለው ዘይት ይቀልና ወደ ላይ ይወጣል፣ በጎን በኩል ባሉት የብረት ክንፎች ውስጥ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል፣ ከብዶም ተመልሶ ይወርዳል። ፓምፕ የለውም፣ ፋን የለውም። የዘይቱ ጠላት ውኃ ነው፤ በትልልቆቹ ትራንስፎርመሮች ላይ የሚታየው በፍሬ የተሞላ ትንሽ ብልቃጥም የሚገባውን አየር ለማድረቅ የተቀመጠ ነው። በተለመደው ዓይነት ሰማያዊው ፍሬ ወደ ሮዝ ከተለወጠ እርጥበት ጠግቧል ማለት ነው፣ ይቀየራል።

ወደ ኮምፒውተሩ ስንመጣ፣ ፈሳሽ ውስጥ የመንከሩ ነገር የተጀመረው በጨዋታ ወዳዶች አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ክሬይ 2 የተባለው ሱፐርኮምፒውተር ፍሎሪነርት በሚባል ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ የተነከረ ነበር። ወደ ተራው ሰው ቤት የወረደው ቆይቶ ነው። በ2006 መጀመሪያ ላይ ቶምስ ሃርድዌር የተባለው የኮምፒውተር ድረ ገጽ ሰዎች ከአንድ ኮምፒውተር ፋኑን ሁሉ ነቅለው ወደ 30 ሊትር የሚጠጋ የምግብ ዘይት ገለበጡበት፤ ኮምፒውተሩም ሠራ። በ2007 ፒዩጀት ሲስተምስ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት የማዕድን ዘይት በዓሣ ገንዳ ውስጥ ሞልቶ ያንኑ አደረገ። ሥራውን በደንብ ጽፎ አሳየ፣ ዕቃውንም መሸጥ ጀመረ፤ በኋላ ግን በፈጠራ ባለቤትነት መብት ጉዳይ አቆመ።

እዚህ ላይ የኮልፌ ነዋሪ በሂሳብ ያስብ። ሠላሳ ሊትር ማለት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ስድስት ነው። ለሸማቾች ዘይት ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ስድስት ጀሪካን ማዘርቦርድ ላይ ሲያንቆረቁር ማሰብ ይከብዳል። ዋጋው ይቅርና የምግብ ዘይት ለዚህ ሥራ ጨርሶ አይሆንም። በተለይ የእኛው ኑግ። የኑግ ዘይት አብዛኛው ክፍል ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ እንዲህ ያለ ዘይት ሙቀትና አየር ሲያገኘው እየወፈረ፣ እየተጣበቀ ሄዶ ቆዳ ያበጃል። ለቀለም ሥራ የሚፈለገውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ቀንና ሌሊት 50 ዲግሪ ላይ የተቀመጠ የኑግ ዘይት መጀመሪያ ይሸታል፣ ቀጥሎ በየቺፑ እግር ሥር ይጋገራል። ፓልሙ ደግሞ በአዲስ አበባ የክረምት ብርድ ይረጋል፤ ጠዋት ኮምፒውተሩን ለማስነሳት ዘይቱን ማቅለጥ ሊያስፈልግ ነው።

በየጋራዡ በርሜል ሞልቶ የሚቀመጠው የተቃጠለ ዘይትስ? ለኮንክሪት ፎርም መቀቢያ ይሆናል፣ አጥር እንዳይበላም ይቀቡታል። ለኮምፒውተር ግን ከሁሉም የባሰው እሱ ነው፤ የብረት ብናኝ፣ ካርቦን፣ አሲድና ውኃ አለበት። ለሙከራ የሚስማማው ጥርት ያለ የማዕድን ዘይት ነው። ፋርማሲ ውስጥ ለሆድ ድርቀት የሚሸጠው ፈሳሽ ፓራፊን የዚሁ ዘመድ ነው፤ ግን በዚያች ትንሽ ጠርሙስ 30 ሊትር የሚሞላ ሰው ፋርማሲስቱን ያስደነግጣል።

ዘይቱ ተገኘ እንበል። አንድ ሊትር ዘይት አንድ ዲግሪ ለመሞቅ የሚፈልገው ኃይል ከአንድ ሊትር አየር ከሺህ እጥፍ በላይ ነው። ቪዲዮዎቹ ላይ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀዝቃዛ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው፤ ቀረጻው የሚያልቀው ዘይቱ ሳይሞቅ ነው። 200 ዋት የሚበላ ኮምፒውተር 30 ሊትር ዘይት ውስጥ ቢቀመጥና ከገንዳው ምንም ሙቀት ባይወጣ ዘይቱ በየአራት ደቂቃው አንድ ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፤ በሰዓት 15 ዲግሪ መሆኑ ነው። በእርግጥ በገንዳው ግድግዳ በኩል ጥቂት ይወጣል፣ መስታወት ግን ሙቀት የማሳለፍ ችሎታው ደካማ ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ኮምፒውተር ፓምፕና ራዲያተር ያስፈልገዋል፤ ራዲያተሩም ፋን ይፈልጋል። ፋኑን ለማስወገድ የተጀመረው ነገር ዞሮ ፋን ላይ ይደርሳል። ዘይት ሙቀቱን ተቀብሎ ያደርሳል እንጂ አያጠፋውም፤ የመጨረሻው ተቀባይ ሁልጊዜ አየር ነው።

ቪዲዮው የማያሳየው ሌላም ጣጣ አለ። ተራ ሃርድ ዲስክ ክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ስላለው አይነከርም፤ ዘይት ከገባበት አለቀለት። ኤስኤስዲ ግን ይችላል። የኬብሎቹ ፕላስቲክ ማለስለሻው በዘይቱ እየተሳበ ይደርቃል፣ ሲያጥፉት ይሰነጠቃል። ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ፔስት ይታጠባል። ከሁሉም የሚያሰለቸው ዘይቱ መውጣቱ ነው፦ በኬብሉ ሽቦዎች መካከል ባለችው ቀጭን ክፍተት ከስበት በተቃራኒ ወደ ላይ ይሳባል፣ የገንዳውን ከንፈር ይሻገራል፣ ከዚያ በኬብሉ ጫፍ ኪቦርዱና ጠረጴዛው ላይ ጠብ ይላል። ራም ለመጨመር የፈለገ ሰው እስከ ክርኑ ዘይት ይሆናል። ያንን ማዘርቦርድ መልሶ ለመሸጥ መርካቶ ይዞ ቢሄድ ገዢው በመጀመሪያ የሚጠይቀው "ይሄ ምን ነክቶት ነው?" ብሎ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ አየሩ ራሱ በቂ አይደለም ወይ? ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው፤ የኮልፌ ቀራኒዮ ዳገቶችም ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይወስዱም። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። አንድ ፋን በጅቡቲና በአየር ጤና እኩል ቢሽከረከር የአየር ጤናው የሚገፋው አየር በክብደት ሩብ ያህል ይጎድላል። ለዚህም ነው የሰርቨር አምራቾች ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የተፈቀደውን የክፍል ሙቀት በአንድ ዲግሪ ገደማ ዝቅ የሚያደርጉት። ይህ ብቻ ቢሰማ ዘይት ሊያስመኝ ይችላል።

ሌላው ጎን ግን ብርዱ ነው። 80 ዲግሪ ላይ የሚሠራ ፕሮሰሰር 20 ዲግሪ በሆነ የኮልፌ ክፍል ውስጥ የ60 ዲግሪ ልዩነት አለው፤ 40 ዲግሪ በገባ የጅቡቲ ክፍል ግን የ40 ብቻ። ከ60ው ሩቡ በአየሩ መሳሳት ቢቀነስ 45 ይቀራል፤ አሁንም የኮልፌው ይበልጣል። ደጋው በአንድ እጁ የወሰደውን በሌላው ይመልሳል። ለቢሮ ሥራ፣ ለጽሕፈት ቤት፣ ለቪዲዮ ኤዲቲንግም ቢሆን ደህና ፋን እዚህ አገር ይበቃል።

ታዲያ በየሰፈሩ የጥገና ቤት ወንበር ላይ የሚደረደሩት "ይሞቅብኛል" የተባሉ ዴስክቶፖች ምን ሆነው ነው? ክዳናቸው ሲከፈት መልሱ ይታያል። ከድንጋይ ንጣፉ፣ ካልተነጠፈው መንገድና ከግንባታው የሚነሳው ቀይ አቧራ በፕሮሰሰሩ ሂትሲንክ ክንፎች መካከል ገብቶ እንደ ልባጭ ተደርቧል፤ ፋኑ ቢዞርም የሚያልፍ አየር የለም። ጥገናው ብሎወር፣ ብሩሽ፣ የደረቀውን ፔስት ጠርጎ አዲስ መቀባት ነው። ኬዙን ከወለል አንሥቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥም የስድስት ጀሪካን ዘይት ያህል ይረዳል፤ ወጪም የለውም። ዘይት ለአቧራ ፍቱን መድኃኒት መሆኑ ግን መካድ የለበትም፤ አቧራ በአየር እንጂ በዘይት አይመላለስም።

ነገሩ የሚለወጠው ሙቀቱ በአንድ ቦታ ሲታጨቅ ነው። ኢንቴል አንድ ዓመት ሙሉ ሰርቨሮችን በዘይት ገንዳ ፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱን ሲናገር ለማቀዝቀዣ የሚወጣው ተጨማሪ ኃይል ከ2 እስከ 3 በመቶ ብቻ እንደነበር ገልጿል። ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ የታጨቀ ሙቀት ያለው ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በኮምፒውተር በሚያመርቱት ማይነሮች ዘንድ ነው። አንትማይነር ኤስ19 የተባለው አንዱ ማሽናቸው ወደ 3,250 ዋት ይበላል፤ ቀንና ሌሊት የማይጠፋ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሉት፣ እንጀራው ግን የለም። እስከ የካቲት 2016 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ21 ማይነር ድርጅቶች ጋር የኃይል ውል እንደገባ ተዘግቧል፤ አብዛኞቹ የቻይና ነበሩ፣ ዋጋውም በኪሎ ዋት ሰዓት 3.14 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ቢት ማይኒንግ የተባለው ድርጅት ኢትዮጵያ ውስጥ 51 ሜጋ ዋት የሚወስድ ማዕከል ከ18 ሺህ ገደማ ማሽን ጋር ለመግዛት መስማማቱን አስታውቋል። ሃምሳ አንድ ሜጋ ዋት ሲገባ 51 ሜጋ ዋት ሙቀት ሆኖ ይወጣል።

እንዲህ ባለ ቦታ የሳሳው አየር ዋጋ ያስከፍላል። ፋኖቹ ፈጥነው መዞር አለባቸው፣ ጩኸታቸው ጎረቤት ያስመርራል፣ እነሱ ራሳቸውም ኃይል ይበላሉ። ማሽኖቹ ፋናቸው ተነቅሎ ዘይት ውስጥ ቢሰምጡ ጸጥታውም አቧራውን መከላከሉም ትርጉም ይኖረዋል። የማዕከሉ መሐንዲስ ግን ዘይቱን ራሱን ደጅ አውጥቶ የሚያቀዘቅዝ ትልቅ ራዲያተር መትከሉ አይቀርለትም። ብርዱ የሚያግዘውም እዚያ ላይ ነው።

የፈሳሹ ዓይነት ግን ቀላል ጉዳይ አይደለም። እንደ ክሬይ 2ው ፍሎሪነርት ያሉት ፍሎሪን ያለባቸው ፈሳሾች ከአካባቢ ስለማይጠፉ ስሪኤም የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ምርታቸውን እንደሚያቆም በ2022 አስታውቋል። የድሮ ትራንስፎርመሮችም ታሪክ ያው ነው፤ በብዙ አገሮች እስከ 1970ዎቹና 80ዎቹ ድረስ እሳት አይይዘውም ተብሎ ፒሲቢ የሚባል መርዛም ኬሚካል ይሞላባቸው ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 ያጸደቀችው የስቶክሆልም ስምምነት በፒሲቢ የተበከሉ መሣሪያዎችን እስከ 2025 ከሥራ ለማስወጣት፣ ቆሻሻውንም እስከ 2028 በአግባቡ ለማስወገድ ቀነ ገደብ አስቀምጧል።

ስለዚህ አንድ የኮልፌ ወጣት ሙከራውን በሙሉ ልቡ ቢፈልገው እንኳ፣ ከቁራሌ ወይም ከምናለሽ ተራ "የትራንስፎርመር ዘይት ነው" ተብሎ የሚቀርብለትን ጀሪካን መንካት የለበትም። ፒሲቢ እንዳለበት በዓይንም በማሽተትም አይለይም። ውኃ ላይ ጠብታ አድርጎ መፈተንም አያዋጣም፤ ንጹሕ ፒሲቢ ከውኃ ስለሚከብድ ይሰምጣል፣ በፒሲቢ የተበከለ የማዕድን ዘይት ግን መርዛማ ከሚባልበት ከ50 ሚሊግራም በኪሎ በላይ ቢይዝም እንደ ማንኛውም ዘይት ይንሳፈፋል። ሙከራው ካለቀ በኋላ ቱቦ ውስጥ የተደፋ ዘይትም መንገዱ ይታወቃል፦ በትንሹ አቃቂ ወንዝ ወርዶ፣ ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ወደሆነው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል።