መሪና እጅ

አውቶሞቢል የሚነዳበት ቀለበት በቋንቋችን «መሪ» መባሉ መልካም ስያሜ ነው። በደጋው አገር በበቅሎ የሚጓዝ ሰው በልጓሙ ትእዛዙን ለበቅሎዪቱ ይልካል፤ በዚያው ልጓም ደግሞ ድካሟንና ፍርሃቷን ይቀበላል። የአውቶሞቢል መሪም እንዲሁ ማዘዣ ብቻ ሳይሆን መስሚያም ነው።

ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘንድ ከደረሰ በኋላ ለብዙ ዘመን የነጂውን እጅ ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ብረት ብቻ ነበር። መሪው ይከብዳል፤ ነገር ግን የመንገዱን ወሬ አይደብቅም። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1951 የአሜሪካው ክራይስለር ኩባንያ በዘይት ግፊት የሚታገዘውን መሪ ለገበያ ካወጣ ወዲህ ድካሙ ቀለለ። ዛሬም የጥንት መኪና ያላቸው አንዳንድ ሰዎች ይህንኑ «ፓወር ስቲሪንግ» የሚባለውን ከሌላ መኪና እያስፈቱ ያስገጥማሉ።

እኛም እንዲህ በተደረገ አሮጌ ላንድ ሮቨር፣ ወዳጃችን እየነዳ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ሰላ ድንጋይ ተጉዘናል። ሰላ ድንጋይ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ይኖሩበት የነበረ ብርዳም ደጋ ነው። መሪው በአንድ ጣት ይዞራል፤ ጎማው ጠጠር ይርገጥ ወይስ ጭቃ ግን ለእጅ የሚነግረው ነገር የለም። ከታጠፈም በኋላ በራሱ አይመለስም። ጕም በወረደበት በአንድ መታጠፊያ ላይ የፊት ጎማዎቹ መንሸራተታቸውን ያወቅነው አንድ እረኛ ልጅ ከመንገዱ ዘሎ ሲወጣ በዓይናችን አይተን ነው። ልጁም በጎቹም በደኅና ተረፉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከዚያ በኋላ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነገሩን አስረዱን። «ያረጀውን ሳይጠግኑ ኀይል መጨመር ሕመሙን መሸፈን ነው» አሉ። ስለዚህ አስቀድሞ የመሪው ሳጥን ልቅነት፣ የዘንጎቹ መጋጠሚያ፣ የፔርኖው መበላት፣ የባሌስትራው ቡሽና የጎማው ነፋስ ይመረመራል።

ቀጥሎ የፔርኖው ዝንባሌ ይታያል። ጎማውን ወደ ቀጥታ መንገዱ የሚመልሰው ይህ ዝንባሌ ሲሆን፣ የጥንት ሠሪዎች መሪው ለክንድ እንዳይከብድ ብለው አሳንሰውታል። ሸክሙን ዘይት ከተቀበለ ወዲያ ግን በባሌስትራው መቀመጫ ሽብልቅ ገብቶ የፔርኖው አናት በጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ ቢዘነብል መሪው ምላሹን ያገኛል። ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነ ግን የፊተኛው ካርዳን ይጐዳል።

በመጨረሻም ፖምፓው ለመሪው ሳጥን የሚስማማ ዘይት ብቻ እንዲልክ ይደረጋል። በሳጥኑ ቫልቮላ ውስጥ ያለችው የምትጠማዘዝ ቀጭን ዘንግም በጥቂቱ ብትወፍር፣ ዘይቱ ከመርዳቱ በፊት እጅ ክብደት ይሰማዋል።

ወዳጃችን ይህን ሁሉ አስደረገ። መሪው ጥቂት ከበደው፤ ሆኖም አሁን የጠጠሩን መንቀጥቀጥ ከጭቃው ልስላሴ ለይቶ ያውቃል።

ረዳት ማግኘት መልካም ነው። ነገር ግን ረዳቱ ከታች የሚመጣውን ድምፅ ካፈነ፣ መሪን የያዘ ሰው ሁሉ፣ በመኪናም ይሁን በመሥሪያ ቤት፣ ሥራው የቀለለት ይመስለዋል እንጂ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። የመሪውን ጥቂት ክብደት የሚሸከም እጅ ግን በመንገዱ ዳር ያለውን እረኛ አስቀድሞ ያስባል።